በጨዋማ አፈር ለሚበቅሉ የመድኃኒት ዕፅዋት የሚረጭ የቅጠል ማዳበሪያ፦ ታማሚዎችና ቤተሰቦች ማወቅ ያለባቸው

በግቢዎ ወይም በበረንዳዎ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ናና ወይም ሽፈራው ተክለው ይሆናል። የቅጠሉ ጫፍ እያረረ ወይም ተክሉ ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ከሄደ አንዱ ምክንያት የአፈሩ ወይም የውኃው ጨዋማነት ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚመከረው በውኃ ተበጥብጦ ቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ እንዲጠቀም ነው።

ምክሩ ስህተት አይደለም፤ ግን የተነገረው ለገበሬ ነው። እርስዎ ያንን ቅጠል ቀቅለው ወይም ጨምቀው ይጠጡታል። ምናልባትም የሚጠጣው የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ነው። ስለዚህ "ተክሉን ያለመልመዋል ወይ?" ከሚለው ጥያቄ ጋር "ቅጠሉን ለሚጠጣው ሰው ምን ያመጣበታል?" የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል።

በአጭሩ

• የቅጠል ማዳበሪያ፣ ጨው የያዘው አፈር ለሥሩ የከለከለውን ንጥረ ነገር በቅጠሉ በኩል ያቀብላል። ጨውን ግን ከአፈሩ አያወጣም።
• ቅጠል ላይ የረጩት ነገር ሲኒዎ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማፍላት ማዕድናትን አያጠፋም፤ ወደ ውኃው ያወጣቸዋል።
• ቀድመው ይቅጠፉ፣ ከዚያ ይርጩ፣ ከዚያም አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ይጠብቁ።
• ጨው ያስጨነቀው ተክል የመድኃኒትነት ጉልበቱ ከተለመደው ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል።
• የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን ካሉ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ጨዋማ አፈር ምንድን ነው?

አፈር ጨዋማ ይባላል ሲባል በውኃ የሚሟሙ ጨዎች ከመጠን በላይ ተከማችተውበታል ማለት ነው። ጨው ስንል የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፤ የሶዲየም፣ የካልሲየምና የማግኒዚየም ልዩ ልዩ ውሁዶችም ይጨመራሉ። በቤተ ሙከራ የሚለካው አፈሩ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ችሎታው ነው። መለኪያው በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ በላይ ሲሆን አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ከዚህ የተለየ ሶዲየም የበዛበት አፈርም አለ። ይህኛው ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ የአልካላይነት መጠኑም (ፒኤች) ብዙውን ጊዜ ከ8.5 ያልፋል።

በአገራችን ችግሩ በይበልጥ የሚታየው ሙቀት በበዛባቸው፣ ዝናብ ባነሰባቸውና መስኖ በሚጠቀሙ ቆላማ ቦታዎች ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሳዲ አካባቢ በመስኖ ብዛትና በውኃ ማፋሰሻ ጉድለት የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ሰፊ እርሻ በጨው ተጎድቷል። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውኃ እየሰፋ መጥቷል። በስምጥ ሸለቆ የሚቆፈሩ አንዳንድ ጉድጓዶችም ጨዋማ ውኃ ያወጣሉ።

ደጋ ላይ የሚኖሩ ቢሆኑም ችግሩ በአበባ መትከያ ወይም በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል። የዕቃ እጣቢ፣ የሳሙና ውኃ፣ ጨው የገባበት የፓስታ ወይም የድንች ቅቃይ፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚበተን የምድጃ አመድ አፈሩን ጨዋማና አልካላይ ያደርጉታል። ባልዲው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ጨው መውጫ ስለማያገኝ ከወር ወር ይከማቻል።

ጨው ተክሉን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በሦስት መንገድ ነው።

1. ውኃ ይከለክለዋል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

2. ይመርዘዋል። ሶዲየምና ክሎራይድ ቅጠሉ ውስጥ ተጠራቅመው ጫፉንና ጠርዙን ያሳርሩታል።

3. ያስርበዋል። ሶዲየም ከፖታሲየም፣ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር በሥሩ በር ላይ ይሻማል። አፈሩ አልካላይ ከሆነ ደግሞ ብረት፣ ዚንክና ማንጋኒዝ በአፈር ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው በማይችልበት መልክ ይታሰራሉ።

የቅጠል ማዳበሪያ የሚያግዘው በሦስተኛው ችግር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በርጭት ማስተካከል አይቻልም።

ሁሉም ዕፅዋት ጨውን እኩል አይፈሩም። ናና በቶሎ ይጎዳል፤ በሶብላና ድንብላልም አይችሉትም። የጥብስ ቅጠልና ሬት የተሻለ ይቋቋማሉ። ካሞሚል በሃንጋሪ ጨዋማ ሜዳዎች ላይ ሳይቀር በራሱ ይበቅላል። አፈርዎ ጨዋማ ከሆነ፣ የማይችለውን ተክል በርጭት ከማቆየት ይልቅ የሚችለውን መትከል ብዙ ጊዜ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ምልክቶቹን እንዴት ይለያሉ?

• በአፈሩ ወይም በመትከያው ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ወይም ቅርፊት፦ የጨው ክምችት።
• የአሮጌ ቅጠሎች ጫፍና ጠርዝ ማረር፦ የጨው ጉዳት ወይም የፖታሲየም እጥረት።
• አዲስ የወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ መሆናቸው፦ የብረት እጥረት።
• አዲስ ቅጠሎች አንሰውና ተጠጋግተው መውጣታቸው፦ የዚንክ እጥረት።
• በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ በደም ሥሮች መካከል ቢጫ መሆን፦ የማግኒዚየም እጥረት።
• ከታች ጀምሮ ተክሉ በሙሉ መገርጣት፦ የናይትሮጅን እጥረት።

ምልክቶቹ ስለሚቀላቀሉ በአይን ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ብዙ ተክል ካለዎት የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ስለ አፈር ምርመራ ይጠይቁ።

ለቤተሰቡ ጤና አንድ ማሳሰቢያ፦ ተክሉን የሚያጠጡበት የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ከሆነና ቤተሰቡም ያንኑ የሚጠጣ ከሆነ ጉዳዩ ከተክሉ ያልፋል። ጨዋማ ውኃ የደም ግፊት ወይም የልብ ድካም ላለበት ሰው ተጨማሪ ሶዲየም ነው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። የልጆችዎ ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ ካለው ውኃው እንዲመረመር ይጠይቁ።

የቅጠል ማዳበሪያ እንዴት ይሠራል?

ቅጠል ምግብ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን በጥቂቱ የሚቀበልም አካል ነው። በውኃ የሟሟ ንጥረ ነገር ሲረጭበት በላዩ ባለው ቀጭን የሰም ሽፋንና መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በኩል ይገባል። የሚገባው መጠን አነስተኛ ነው። ስለዚህ መንገዱ የሚያዋጣው በጥቂቱ ለሚፈለጉት፣ ማለትም ለብረት፣ ለዚንክና ለማንጋኒዝ ነው። ናይትሮጅንና ፖታሲየም በብዛት ስለሚፈለጉ በቅጠል ብቻ ሊሟሉ አይችሉም፤ እንደ ድጋፍ ብቻ ይቆጠራሉ።

በተለያዩ አገሮች በበሶብላ፣ በናናና በመሳሰሉት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በጨው የተጎዳ ተክል ላይ ዚንክ፣ ብረት ወይም ፖታሲየም ሲረጭ ቅጠሉ መጨመሩና መለምለሙ ታይቷል። ውጤቱ ግን እንደ ተክሉ ዓይነትና እንደ ጨው መጠኑ ይለያያል። በነዚህ ሙከራዎች የሚለካው የቅጠሉ ክብደት፣ የዘይቱ መጠንና የመሳሰለው ነው። ስለዚህ በማሸጊያ ላይ "የመድኃኒትነት ኃይሉን ይጨምራል" የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ለበሽታዎ የተረጋገጠ ጥቅም አድርገው አይውሰዱት።

ከመርጨትዎ በፊት ሊያስተካክሉ የሚገባ

ብዙ ጊዜ እነዚህን ማድረግ ብቻውን ተክሉን ያድነዋል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው።

1. የጨው ምንጩን ያቁሙ። እጣቢ፣ የሳሙና ውኃና አመድ መድፋትዎን ይተዉ።

2. መትከያው ከታች ቀዳዳ እንዲኖረው ያድርጉ።

3. አፈሩን ይጠቡት። ጨው የሌለበት ውኃ (የዝናብ ውኃ ከሁሉ ይመረጣል) ቀስ እያሉ በማፍሰስ ከታች እንዲወጣ ያድርጉ። የሚያፈሱት ውኃ የመትከያውን መጠን ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። የወጣው ውኃ ተመልሶ እንዳይሰረግ ይድፉት።

4. አፈሩ የሚጣበቅና ሶዲየም የበዛበት ከሆነ ውኃ ብቻውን አይበቃም። ጂፕሰም ያስፈልጋል፤ መጠኑን ባለሙያ ይወስንልዎ።

5. የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በመጠኑ ይጨምሩ። ያልበሰበሰ ፍግ ጨው አለው፤ የሰው አንጀት የሚያሳምሙ ጀርሞችንም ይይዛል።

6. ላዩን በደረቅ ሣር ይሸፍኑ። ውኃው ቶሎ ካልተነነ ጨው ወደ ላይ አይወጣም።

ምን ይረጫል? በምን ያህል?

የሚከተሉት መጠኖች ለስላሳ ቅጠል ላላቸው የጓሮ ዕፅዋት የሚሆኑ ቀላል መጠኖች ናቸው። የምርቱ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካዘዘ መመሪያውን ይከተሉ። በሻይ ማንኪያ ከመገመት በትንሽ ሚዛን መመዘን ይሻላል።

ዚንክ ሰልፌት፦ በ1 ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 2 ግራም። ነጭ ደቃቅ ነው። በአፍ ከተወሰደ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል።

ብረት፦ ቅጠል ላይ ለመርጨት የተዘጋጀ የብረት ኪሌት በመመሪያው መጠን። ቅጠሉን ሊያጠቁር ስለሚችል መጀመሪያ በጥቂት ቅጠል ላይ ይሞክሩ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ብረት የተረጨበትን ቅጠል እንደ ሕክምና መቁጠር የለበትም።

ፖታሲየም ሰልፌት፦ በ1 ሊትር እስከ 5 ግራም። የኩላሊት ታማሚ የሚጠቀምበት ተክል ላይ ባይረጭ ይመረጣል።

ማግኒዚየም ሰልፌት፦ በ1 ሊትር እስከ 10 ግራም። ሲጠጣ ሆድ ያስቀምጣል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዚየምን በደንብ ማስወጣት አይችልም።

ዩሪያ፦ በ1 ሊትር እስከ 5 ግራም። ናይትሮጅን ሲበዛ በቅጠሉ ውስጥ ናይትሬት ሊጠራቀም ይችላል። ናይትሬት በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል።

የካልሲየም ምርቶችን ከሰልፌት ጋር አንድ ላይ አይበጥብጡ፤ ዝቃጭ ሆነው መርጫውን ይደፍናሉ። በሌላ ቀን ለብቻ ይርጩ።

አንዳንዶች አስፕሪን ሟሙቶ ቢረጭ ተክሉን ያበረታል ይላሉ። ሐሳቡ የመጣው ሳሊሲሊክ አሲድ ከሚባለው የአስፕሪን ዘመድ ላይ ከተሠሩ የተክል ጥናቶች ነው። ቅጠሉን ለሚጠጡት ተክል ይህን አያድርጉ፤ በተለይ አስም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የአስፕሪን አለርጂ ያለበት ሰው በቤት ካለ።

ስም፣ ይዘትና አምራች ያልተጻፈበትን ምርት አይግዙ። ከኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት የሚዘጋጁ አንዳንድ ማዳበሪያዎች እርሳስና ካድሚየም ሊኖርባቸው ይችላል። እነዚህ ደግሞ ታጥበውም ተቀቅለውም አይጠፉም።

አረጫጨት

1. ለመጠጥ የሚሆኑትን ቅጠሎች ሁሉ አስቀድመው ይቅጠፉ።

2. ለማዳበሪያ ብቻ የሚሆን መርጫ ይያዙ። ፀረ-ተባይ ወይም ፀረ-አረም የነበረበትን መርጫ ቢያጥቡትም አይጠቀሙበት።

3. ጨው በሌለበት ውኃ ይበጥብጡ። በጨዋማ ውኃ የተበጠበጠ ማዳበሪያ ጨውን በቀጥታ ቅጠሉ ላይ ማስቀመጥ ነው።

4. ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ። ልጆችን ያርቁ።

5. በማለዳ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ይርጩ። በጠራራ ፀሐይ ከተረጨ ውኃው ተንኖ ጨው ብቻ ይቀርና ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

6. የቅጠሉን የላይኛውንም የታችኛውንም ገጽ በደቃቁ ያርጥቡ፤ እስኪንጠባጠብ አይርጩ።

7. ከ10 እስከ 15 ቀን ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ረጭተው ለውጥ ካላዩ ያቁሙ። ችግሩ ሌላ ነው ማለት ነው። መጠኑን ማብዛት ተክሉን ያቃጥላል፤ የሚንጠባጠበውም ተመልሶ የአፈር ጨው ይሆናል።

ከተረጨ በኋላ መቼና እንዴት ይጠቀሙበታል?

የመጠበቂያ ጊዜው በምርቱ ላይ ከተጻፈ እሱን ይጠብቁ። ካልተጻፈ በጣም ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ርጭቱ ያረፈበትን ቅጠል ትቶ ከዚያ በኋላ አዲስ የወጣውን መጠቀም ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ።

አደጋው በአጠቃቀሙም ይወሰናል።

ጥሬውን የሚጨመቅ። ዳማከሴ ለምች ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ከግቢ ተቀጥፎ በእጅ ታሽቶ ይጨመቃል። በቅጠሉ ላይ ያለው ሁሉ ከጭማቂው ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ሳይታጠብ አይጨመቅ።

የሚፈላ። ብዙ ሰው "ተፍልቷልና ችግር የለውም" ይላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ዚንክ፣ ፖታሲየም፣ ናይትሬትና እርሳስ ግን በሙቀት አይጠፉም።

ደርቆ የሚፈጭ። የሽፈራው ቅጠል ደርቆ ሲፈጭ ውኃው ብቻ ነው የሚሄደው። አንድ ማንኪያ ዱቄት የብዙ ትኩስ ቅጠል ማዕድን ይይዛል። ስለዚህ ከመድረቁ በፊት በደንብ ይታጠብ።

ቡና ላይ የሚደረግ። ጤና አዳም ሲኒ ውስጥ የሚነከረው ለጥቂት ጊዜ ቢሆንም የላዩ ብናኝ ወዲያው ይለቃል። መታጠብ አለበት።

ሲያጥቡ ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ ውኃውን ይድፉ፣ ከዚያ በሚወርድ ውኃ ሁለቴ ያለቅልቁ። መታጠብ የላዩን ያነሳል፤ ወደ ውስጥ የገባውን አያወጣም። መጠበቁም መታጠቡም አንዱ ሌላውን አይተካም።

የተክሉ ጉልበት ሊለወጥ ይችላል

መዓዛና መድኃኒትነት የሚሰጡት ቅመሞች በአብዛኛው ተክሉ ራሱን ለመከላከል የሚሠራቸው ናቸው። ጨው ሲያስጨንቀው በአንዳንድ ተክል ይበዛሉ፣ በአንዳንዱ ይቀንሳሉ። ርጭቱም እንደገና ይለውጣቸዋል። ስለዚህ "ሁልጊዜ አምስት ቅጠል ነው የምጠቀመው" የሚለው ልክ በሁለት ወቅት ሁለት የተለያየ መጠን ሊሆን ይችላል።

ይህ ለጉንፋን ጦስኝ ለሚጠጣ ጤነኛ ሰው ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። የስኳር መድኃኒት እየወሰደ ሽፈራው ወይም አብሽ ለሚጠቀም ሰው ግን ልዩነት ያመጣል። አዲስ ተክል፣ አዲስ አፈር ወይም አዲስ ርጭት ከጀመሩ በትንሹ ይጀምሩ፤ የስኳርና የግፊት ልኬትዎን በመደበኛነት ይከታተሉ። የታዘዘልዎን መድኃኒት በራስዎ አይቀንሱ፣ አያቋርጡም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና እጥበት የሚያደርጉ። ፖታሲየም በደማቸው ሲከማች የልብ ምት ሊያዛባና ሊገድል ይችላል። የሽፈራው ዱቄት በራሱ ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ ፖታሲየም ከተረጨበት ይብስበታል። ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ ማንኛውንም የቅጠል ዱቄት ወይም ጭማቂ አይውሰዱ።

የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው። ሻይ ውስጥ የሚገቡ ጥቂት ቅጠሎች ከጨዋማ አፈር ቢመጡም የሚጨምሩት ሶዲየም ከወጥ ጨው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው የሚለው ምክር የሚጠበቀው በወጥና በዳቦ ላይ ነው። ቆስጣ ግን ጨው የሚያከማች ተክል ስለሆነና በብዛት ስለሚበላ ከጨዋማ ማሳ ሲመጣ ልዩነት አለው፤ ሲሠሩት ጨው ይቀንሱ። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ፖታሲየም እንደሚጨምሩ ያስታውሱ።

ነፍሰ ጡሮች። ጤና አዳም ማሕፀን ሊያኮማትር ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ይህ የተረጨውንም ያልተረጨውንም ይመለከታል።

ሕፃናት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃቸዋል። የቅጠል ውኃ፣ ጭማቂም ሆነ ሻይ አይስጧቸው።

ዋርፋሪን የሚወስዱ። አረንጓዴ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ሥራ ሊቀንሱ ይችላሉ። በድንገት አይጀምሩ፣ በድንገትም አያቁሙ፤ ክትትል ለሚያደርግልዎ ሐኪም ይንገሩ።

ሬት የሚጠቀሙ። ከልጡ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ የሆድ ማስቀመጫ ነው። ተቅማጥ አብዝቶ ፖታሲየምን ስለሚያወርድ ሽንት የሚያሸና ወይም የልብ መድኃኒት ለሚወስዱ አደገኛ ነው።

አትክልቱን የሚንከባከቡ። ጤና አዳምን በፀሐይ ሲቆርጡና ሲያሹ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከነካ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ከነካዎት ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ።

አቀማመጥና መመረዝ

ዩሪያ ስኳር ይመስላል። ዚንክ ሰልፌት፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና ፖታሲየም ሰልፌት ጨው ይመስላሉ። በላስቲክ ተቋጥረው ወጥ ቤት ከተቀመጡ አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ወይም ሻይ ውስጥ መግባታቸው የማይቀር ነው። ስለዚህ፦

• በመጀመሪያው ማሸጊያ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከወጥ ቤት ውጭ ተቆልፎ ይቀመጥ።
• የተበጠበጠውን በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ። የተረፈውን ለምግብ ከሚሆኑ ተክሎችና ከጉድጓድ ርቀው ይድፉት።
• መለኪያ ማንኪያውን ወደ ወጥ ቤት አይመልሱ።

ልጅ ወይም አዋቂ ከጠጣው አፉን ያጥቡ፣ እንዲያስመልስ አያስገድዱ፣ ማሸጊያውን ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ብረት ያለበት ምርት ከሆነ አይዘግዩ። በብረት የተመረዘ ልጅ መጀመሪያ አስመልሶ ከዚያ ለሰዓታት የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ በኋላ ግን በድንገት ይወድቃል። "አሁን ደህና ሆኗል" ብለው አይመለሱ።

ዓይን ውስጥ ከገባ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ያጥቡና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በተፈጥሮ የተዘጋጀ ርጭት፣ ለምሳሌ የፍግ ውኃ፣ ይሻላል?
ለሚጠጡት ቅጠል አይሻልም። የፍግ ውኃ በቅጠል ላይ ሲረጭ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችን ያስቀምጣል፤ ጥሬ ጭማቂ ለሚጠጣ ሰው ከዚንክ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ነው። ፍግ በደንብ በስብሶ በአፈር ይግባ።

ቅጠሉ ጨው ጨው ይላል። ልጣለው?
የጨዋማነት ምልክት ነው። ጤነኛ ሰውን በጥቂቱ አይጎዳም። የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ታማሚ ግን አፈሩ ታጥቦ አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ይተወው።

ከገበያ የምገዛው ቅጠል ተረጭቶ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?
በአይን አይታወቅም። ሻጩን ይጠይቁ፤ በቅጠሉ ላይ ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብና ብናኝ ካለ ይተዉት፤ ሁልጊዜም ሁለቴ ይጠቡት።

ተክሉ ከለመለመ መድኃኒትነቱ ተመለሰ ማለት ነው?
አይደለም። ልምላሜው የሚነግርዎት ተክሉ ምግብ ማግኘቱን ነው። ስለ ጉልበቱም ሆነ በላዩ ስለቀረው ነገር አይነግርዎትም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብዎ መቼ ነው?

ቅጠሉን ከተጠቀሙ በኋላ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ መጠቀሙን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ
• የልብ ምት መዛባት ወይም የጡንቻ መዛል፣ በተለይ የኩላሊት ታማሚ ላይ
• ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት የስኳር መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ
• የሕፃን ከንፈርና ጥፍር መጥቆር ወይም መሰማያዊ
• የፊት ወይም የምላስ እብጠት፣ የመተንፈስ ችግር
• በነፍሰ ጡር ላይ ደም መፍሰስ ወይም ቁርጠት

ሲሄዱ የተጠቀሙበትን ቅጠልና የረጩበትን ማዳበሪያ ማሸጊያ ይያዙ። ብዙ ታማሚዎች እንዳይወቀሱ ፈርተው የቤት መድኃኒት መጠቀማቸውን ይደብቃሉ። ሐኪሙ "ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?" ብሎ ሲጠይቅዎ ቅጠሉንም የተረጨበትንም አብረው ይንገሩት። የሚሰጥዎት ሕክምና በዚያ መልስ ሊወሰን ይችላል።